ቦራ

በትሪኤስቴ ወደብ፣ ክረምቱ ሲቃረብ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ አለ፣
ከድንጋያማው አምባ ቁልቁል የዘለለ፤
ግንባረ ነጭ ኮርማ፣ ቀንዱን ያሾለ።
ጃንጥላ ይወጋል፣ ቆርቆሮ ይነቅላል፣
ሽማግሌ አንስቶ ከግድግዳ ያጋጫል።

ድሮማ፣ አሉ፣ በየመንገዱ ዳር
ገመድ ይወጠር ነበር፤
ሰው ሁሉ ይዞት እንዲሻገር።
ማን እንደወጠረው ማንም አይጠይቅም፤
የያዘ አይወድቅም።

ቱሊዮ ግን የሚይዘው አልነበረውም።
የመርከብ በያጅ ነበር፤ ዛሬ ብረቱም
ስሙን አያስታውሰውም።
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከባዶው ጎተራ፣
ካርቶን አንጥፎ ነው፣ ሌሊቱን ከቦራ ጋራ
ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋው፣ ተራ በተራ።

ደግ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ይህ ይነገርልኝ።
ሰኞ ማታ ሾርባ ይመጣል ከደብሩ፣
ሰኞ ማታ ሾርባ፣ ከስሎቬኖች ማኅበሩ፣
ሰኞ ማታ ሾርባ፣ ከቀዛፊዎች ክበብ፤
ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ለአንድ ሰው ረሃብ።
ሐሙስ ግን ዝር የሚል አልነበረ፤
ቱሊዮ ጦሙን አደረ።

ነርሷ ኔቨንካ ቁስሉን አጥባ ታሽጋለች፤
የማዘጋጃ ቤቷ ኦሪዬታ ቅጽ ትሰጣለች።
ቅጹ "አድራሻ" ይላል።
አድራሻ የሌለው ምን ብሎ ይሞላል?

በኅዳር መጨረሻ፣ በቀዛፊዎቹ አዳራሽ፣
ሁሉም ተሰበሰበ፤ ሁሉም የጎረቤቱ ከሳሽ።
ቄሱ ዶን ሊቪዮ፣ "እኛ ነን የጀመርነው" አሉ፤
የማኅበሩ ድራጎ ጠረጴዛ መታ፤ ጦፈ አመሉ።
ኦሪዬታ በጀቷን እንደ አራስ ልጅ አቀፈች፤
ኔቨንካ የሌሊት ተረኛ ናት፣ ሰዓቷን አየች።

ቱሊዮ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤
የጠራው የለም፤ ሙቀት ፍለጋ ነው።
"ልናገር?" አለ። "ልናገር።

ሾርባችሁ ይጣፍጣል። አምስት ብርድ ልብስ ነበረኝ፤
አንዱን አንጥፌ አንዱን ስለብስ፣ ሦስቱ ተሰረቁብኝ።
አምስት ሆናችሁ አምስት ብርድ ልብስ ከምትሰጡኝ፣
ምነው አምስት ሆናችሁ አንድ ቁልፍ ብትሰጡኝ?"

ዝም አሉ።
ከውጭ ቦራ በሩን በቀንዱ ይደበድባል።
አንዳንድ ዝምታ አለ፣ ከስብሰባ ይልቅ ይሰበስባል።

ከዚያ ወዲያም ተአምር አልወረደም፤
አንድ ደብተር ተገዛ፤ ያውም ውድ አይደለም።
መበለቷ ኦርኔላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል ነበራት፤
"ጣራው ያፈሳል" አለች፤ ድራጎ መሰላል አቆመላት።
ከኪራዩ ግማሹን ከተማው፣ ግማሹን ደብሩ፤
ቀዛፊዎቹ አልጋ ተሸክመው ሲያዞሩ፣
በጠባቡ ደረጃ ሁለቴ ተሰነቀሩ።
ማክሰኞ የኔቨንካ ሆነ። ሾርባው ለሐሙስ ተመደበ፤
ሐሙስም ራሱ ጠገበ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ያሉት፣
ቁልፍን አላዩት፤
አንዲት ፍሬ ብረት ናት፣
አምስት ሆነው ነው የቻሏት።

ቱሊዮ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
አልጋው ላይ አልተኛም ለአንድ ወር፤
ወለሉ ላይ፣ ጫማውን እንዳሰረ፣
ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ አደረ።
በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ጠፋ፤
ጎተራው ውስጥ አገኙት፣ ካርቶኑ ላይ እንደተደፋ።
"ከሸፈ" አለ ድራጎ፣ አንገቱን ሰብሮ።
"ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው" አለች ኔቨንካ፣ "በክር ታስሮ።"
ደብተሩን ገለጠች፤
ማክሰኞ ላይ ስሙን ደግማ ጻፈች።

የካቲት ላይ ቦራ መጣ፤ ኮርማው፣ ያው ኮርማ፤
መስኮቱን ወጋ፣ አገሳ፤ ቱሊዮ ሰማ።
ከውስጥ ሆኖ ነው የሰማው።
አንዴ አልጋውን፣ አንዴ መስኮቱን ሲያይ አመሸ ማታ፤
ከዚያ ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ፈታ።

ደብተሩ አላለቀም፤ አሥራ አንድ ስም ይቀራል።
ሐሙስ ሐሙስ ቱሊዮ የድስቱን አንድ ጆሮ ይይዛል፤
ሌላውን ጆሮ ድራጎ።
በጎተራው መንገድ፣ ነፋስ እየገፋቸው ይሄዳሉ፣
"ጨው በዝቶበታል"፣ "አልበዛም" እየተባባሉ።