ልበ ድንጋይ

አባቴን ገደፋውን የጢስ አባይ ሰፈር
«ልበ ድንጋይ» ብሎ ይጠራው ነበር፤
ወፍጮና መጅ ሲጠርብ፣ ከዐለት ሲታገል፣
ቀኑ ይመሽበታል ሁለት ቃል ሳይል።

ስምንተኛ ክፍል፣ ከታሪክ መጽሐፍ፣
ሥዕል አሳየሁት፣ ያለች ከገጹ ጫፍ፤
ሁለት የግብጽ ሰዎች፣ በጥንቱ ዘመን፣
ድንጋይ ሲቦረቡሩ፣ ማሰሮ ሊሆን፤
ከዱላቸው አንገት ድንጋይ ተንጠልጥሎ፣
ከቧንቧቸው በታች አሸዋ ተጥሎ።

ኩራዙን አስጠጋ፤ ሥዕሉን በጣቱ
ዳበሰው እንደ በሬ፣ እንደ ገዛ ከብቱ።
«የግራው ደክሞታል፣ ትከሻው ዝሏል፤
ውሃ ጠብ አድርጉለት፣ አሸዋው ግሏል።»

«መዳብ ነው የበሳው» አልሁት እኔ ተማሪው።
«መዳብማ መሪ ነው፤ አሸዋ ነው ቦርቧሪው።»
ቆየና ዝም ብሎ፣ «ልቡንስ የት ጣሉት?»
ግራ ገባኝና «የምን ልብ ነው?» አልሁት።

«ቧንቧ ዙሪያውን ነው ፈጭቶ የሚጨርሰው፤
መሀሉ ይቆማል፣ እንደ ጣት፣ እንደ ሰው።
ሰብረው ካላወጡት ዕቃው በምን ይሞላል?
ከወጣ በኋላስ፣ ልቡ የት ይውላል?»

መጽሐፉ ንጉሡን ደጋግሞ ያነሣል፣
የሽቱውን ዓይነት ከነስሙ ያወሳል፤
ስለ ልቡ የለም።

በነጋታው ሄደ መብራት ኃይል ጓሮ፣
የዛገ ቧንቧ አመጣ፣ በክንድ ልክ አሳጥሮ፤
ከአባይ ዳር አሸዋ በስልቻ ዘገነ፣
ክረምቱ በሙሉ ጥርስ ማፋጨት ሆነ።
እናቴ ይታይሽ ጆሮዋን ደፈነች፣
«ሰውዬ፣ ቤቱን ልትበሳው ነው!» እያለች ለመነች።
ጥቅምት ላይ ቋ አለ፤ ልቡ ተሰበረ፣
ጥቁር፣ ክብ፣ እርጥብ፣ መዳፉ ላይ ቀረ።

ዕቃውን ወሰዱት ለሚካኤል ጠበል፤
ሰው ይጠጣበታል፣ ማን ሠራው ሳይል።
ልቡን ለኔ ሰጠኝ፣ ባሕር ዳር ስሄድ፦
«ደብተርህን ተጫነው፣ ነፋስ እንዳይወስድ።»

ነፋሱ ወሰደኝ። ከመንደሬ መሀል
ተቦርቡሬ ወጣሁ፤
ቀዳዳው ግን እዚያው፣ በኔ ልክ ይውላል።

ሐምሌ ላይ ተጠራሁ። ስደርስ ገላው ቀልሏል፤
ከንፈሩ ደርቋል፣ ትከሻው ዝሏል።
ጥጥ ነክሬ፣ ውሃ ጠብ ሳደርግ ከአፉ፣
ልቡን አስቀመጥሁት ከግራ መዳፉ።

ጥቂት ጋለ።
ሊነጋ ሲል ግን ድንጋዩ በረደ፤
አባይ እንደ ልማዱ አሸዋ ይዞ ወረደ።