ሦስት አምፔር

ከብሔራዊ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣
የታመመ ራዲዮ የሚያድርበት ሰፈር፣
አንድ ሰው ገባና በጋዜጣ ያለ ዕቃውን ዘረጋ፤
የዝዋይን ሽታ ይዞት መጥቷል እስከዚህ ጋ።

«ዓሣ ያያል» አለኝ፤ «በታንኳዬ ሆኜ
መሬቱን ከውሃው የሚለይ ነው ለእኔ።
ትናንት ግን ጨሰና ጨለመብኝ ዐይኔ።»

ዱጉማ ነው ስሙ። የመረብ ክር መዳፉን ሰንጥቋል፤
በሌሊት ተሳፍሯል፣
ቁርስም አልቀመሰ፤ ዐይኑ ከጠረጴዛዬ ላይ ተተክሏል።

ማሽኑ ምንም አልሆነም። ገመዱን ጎተትኩት፣
እንደ ተጠበሰ አንጀት ጠቁሮ አገኘሁት።
የፊውዙን ቤት ይዤ ክዳኑን ብከፍተው፣
ፊውዝ የለም።
የሲጋራ ወረቀት፣ ያ ብርማው፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል በቦታው።

ቀና ብዬ አየሁት።
ስሜን ከበሩ ላይ አንብቦ፦ «ሁለቴ ነደደ፣ ሁለቴ ቀየርኩለት፤
ሦስተኛውን በውሃ መሐል ከየት ላምጣ፣ ጋሼ ምንውየለት?»

ልቆጣው ነበረ። ጣቴ ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ ከለከለኝ።
(በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ለአንድ ፀጉር ቤት፣
የሙሽራ ቀን ነው ተብሎ፣ በሽቦ ጠምዝዤ መብራት ቀጠልኩበት፤
የነደደው መጋረጃ ነው፤ ተመስገን፣ ሰው አልነበረበት።)

«ስማኝ» አልኩት፤ «ባትሪ የዋህ አይምሰልህ፣
ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው ብለህ፣ ስትነካው ዝም ቢልህ።
መፍቻ ቢወድቅ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ፣
ብረት ያቀልጣል፤ ምን ሊሆን ነው ክሩ?
ፊውዝ ደካማ ነው፤ ድካሙ ሥራው ነው፣
ቀድሞህ እንዲሞት ነው ሠሪው የሠራው።
ከሞተ ግን ገዳይ አለው።
ገዳዩን ፈልገው፤ ሌላ ሟች አትስጠው።»

አዲስ ገመድ ቆረጥኩ፣ ወፈር ያለ መዳብ፣
ፊውዙን ከቀዩ ላይ፣ ከባትሪው ስንዝር ሳይርቅ፣ አኖርኩት በአግባብ።
«የሞተሩ ባትሪ ለሞተሩ ይሁን፤
ሞተር ሲነሣ ይነጥቃል፣ ይሄ ይደነግጣል፣ ይረሳል ውሃውን።
ለብቻው ትንሽ ባትሪ፣ በላስቲክ ሣጥን፣ ቀበቶ ታጥቆ፤
ስትሞላው ግን ይተንፍስ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እሳት ከአጠገቡ ርቆ።
ዐሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ሲልህ ከዚያ አትለፍ፤
ደክሞታል። ወደ ዳር ቅዘፍ።»

መሞከር አለበት። ውሃ ግን ከየት?
ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሰብለወንጌል ከጓሮ ሰማያዊ በርሜል አላት፤
ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ለሚመጣበት
በርሜል ሐይቅ ነው። ዐይኑን በገመዱ አወረድንበት።

በራ! ሰባ ሳንቲም ጥልቀት ጻፈ።
«ዓሣ! ዓሣ!» አለ ሎተሪ አዟሪው፤ አንድ አረፋ ነው ያለፈ።
«ዓሣ ካለማ» አለች ሰብለወንጌል፣ «ኪራይ ይክፈል።»
ዱጉማ ሣቀ። ያን ቀን ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሱ ጎደሎ ነው፣ ያምራል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት፣
በትንሽ አምፖል ሥር አጎንብሼ ሳለሁ፣ ስልኬ ጮኸ በሌሊት።

«ነደደ» አለኝ። «ፊውዙ። ኪሴ ውስጥ ሁለት አሉ።
ሲጋራም አለ።»
ዝም አልኩ።
«አልሰጠውም» አለ።

«መጀመሪያ ከባትሪው ንቀለው።
አሁን ቀዩን ገመድ ያዝ፤ ከጫፉ ጀምረህ፣ በጣትህ፣ ቀስ እያልክ ዳብሰው።»
ትንፋሹን ሰማሁት፤ ከትንፋሹ ኋላ
ውሃው እንጨቱን ሲልሰው።

«እዚህ ጋ» አለኝ። «ሚስማር። ልብሱን ገፎታል።»
«እንግዲያው ሚስማሩን…» ልል ስል
ጭል አለና ጠፋ ስልኬ፤
ቀኑን ሙሉ የሰው ባትሪ ስሞላ
ረስቼው የራሴን ውዬ።

በጨለማው ተቀመጥኩ።
ጣቴ በጠረጴዛው ጠርዝ፣ ሳላዘው፣
ይሄዳል፣
ይሄዳል፣ ሚስማር ፍለጋ።