አራት ማይል

ኤምሪስ መካኒኩ ሁለት ቁልፍ አምጥቶ፣
በዘይት ቆርቆሮ ክዳን ላይ አስተኝቶ፣
«ይኼ ናፍጣ» አለኝ፣ «ያኛው ቤንዚን ነው፤
የሰባት ዓመት ናቸው፣ ዋጋቸው አንድ ነው፤
ሁለቱም እንደ ሰንበት ጫማ ናቸው፣ ብዙ አልተነዱም፤
ከደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ርቀው አልሄዱም።
ምረጥ፣ ኢድዋል።»

እኔ ልምረጥ? እኔ?
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ናፍጣ ነው ዘመኔ።
የጣሪያ ድንጋይ ጭኜ እስከ ሊዮን ወርጄ፣
ሌሊቱን በሞተር ድምፅ መተኛት ለምጄ፤
የቤንዚን መኪና የሚሉት ነገር
ለኔ የፀጉር ሠሪ፣ የሙሽራ ነበር።
ናፍጣ ግን፣ ናፍጣ!
ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ ተራራ ቢመጣ
እንደ በሬ ጎንበስ ብሎ ነው የሚወጣ።
ጥቂት ይጠጣና ሩቅ ያደርሳል፤
ቤንዚን መንገድ ሳይጀምር ኪስ ይዳስሳል።

እንዲህ ስል ኤምሪስ ሰማኝ። ምንም አልመለሰ።
ከመደርደሪያ ሥር ጎትቶ አወጣ
የታፈነ ማጣሪያ፣ ጥላሸት የጠጣ።
«የወይዘሮ ኦልወን ነው፤ ጠዋት ከቤት ወጥታ፣
ፖስታ ቤቱን ከፍታ፣ ስትመለስ ማታ፣
አምስት ደቂቃ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ጠፋ።
ጥላሸቱ ደግሞ ካልጋለ አይጠፋ፤
እየተጠራቀመ ጉሮሮውን ዘጋው፤
ላስለውጥልሽ ስላት አስደነገጣት ዋጋው።
የናፍጣ ምሱ ርቀት ነው፣ ኢድዋል፤ ሳይጓዝ አይድንም።
አንተስ?
በሳምንት ስንት ማይል ትነዳለህ?»

ቆጠርኩ። በጣት አለቀ።

አበርዶቪ ቤቴ። ታዊን ኤሊነድ ናት።
አራት ማይል መንገድ፤ በግራ ባሕር አላት፤
ሐዲዱ፣ አሸዋው፣ የጎልፍ ሜዳው በር፣
ከዚያ የአረጋውያን ቤት፤ መስኮት ዳር ወንበር።
አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች።
አንዳንድ ቀን «እርስዎ» ትለኛለች፤
«ባሌ ሊዮን ነው፣ ይደርሳል፣ ይጠብቁት» ብላ ታስቀምጠኛለች።
እኔም አብሬያት እጠብቀዋለሁ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣
እኔ ናፍጣ ሳቃጥል፣ እሷ ናፍቃ ኖረች።

«ቤንዚኑን» አልኩት።
ኤምሪስ አልሣቀም። ደረሰኝ ቆረጠ።

ቀይ ናት፣ ትንሽዬ፤ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤
መብራት ላይ የጠፋች መስሎኝ ሁለቴ ቁልፍ አዞርኩባት።
«አለሽ?» አልኳት።
አለች።

ቅዳሜ ማደያ ቆምኩ። ዝናብ ያካፋል።
ሐሳቤ ሌላ ጋ ነው፤ እጄ ግን ያውቃል፤
አርባ አንድ ዓመት የጨበጠውን፣ ጥቁሩን እጀታ አነሣ
(እኛ ዘንድ ናፍጣው ጥቁር፣ ቤንዚኑ አረንጓዴ ነው)፣
ወደ ጉሮሮዋ ሰደደው።
አልገባም።
ገፋሁ።
አልገባም።
የጥቁሩ አፍ ሰፊ፣ የሷ አንገት ጠባብ፤
ያጠበበው መሐንዲስ
እንደኔ ያለ እጅ እንደሚመጣ ሳያውቅ አልቀረም።

ከመስታወቱ ኋላ ልጅቷ በድምፅ ማጉያ፣
«ቁጥር ሦስት! አረንጓዴውን! አረንጓዴውን፣ አባባ!» አለች፤
ማደያው ሁሉ ዞረ።
ጥቁሩን ሰቀልኩት። የአሥር ፓውንድ ቤንዚን ቀዳሁ፤
ለሁለት ሳምንት ይበቃኛል።

ታዊን ስደርስ ኤሊነድ «እርስዎ» አላለችኝም።
እጄን ይዛ ቆየች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣
መዳፌን አገላበጠች፣
«ኢድዋል» አለች፤ «ጀልባው ዘገየ እንዴ?
ሊዮን ዘነበ?»
«ዘነበ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማደያ ስገባ
መጀመሪያ ጥቁሩን አነሣለሁ፤
እንደ ወዳጅ እጅ ጥብቅ አድርጌ ጨብጬ፣
አንዲት ጠብታ ጣቴ ላይ እስክትቀር ጠብቄ፣
መልሼ እሰቅለዋለሁ።
ልጅቷ አርጅቷል ትበል።
«ቁጥር ሦስት!» ትጮኻለች በየጊዜው፣
«አረንጓዴውን አልኩዎት እኮ!»