ከአጥር ማዶ የመጣ እንጨት

በየካቲት ሌሊት፣ በሪብኒጻ ሸለቆ፣
ዝናቡ ሲያርፍ ብርጭቆ ሆኖ፣ ደርቆ፣
የኔ ዋልነት ወደቀ፣ ወገቡ ተሰብሮ፤
የሉድቪክም ሜፕል በላዩ፣ አብሮ።

ሃያ ሁለት ዓመት ስለ አንድ ክንድ መሬት
ስንካሰስ የኖርን፣ ከዳኛ ፊት ለፊት፤
ዛፎቹን ግን ማንም አልጠየቃቸው፣
አጥሩን ጨፍልቀው ተቃቅፈው አየናቸው።

ሲነጋ መጣና መጋዙን አስነሥቶ
የራሱን ቆረጠ፣ ከኔ ለይቶ ለይቶ።
«አንዲት ጣውላ ስጠኝ» አልሁት፣ ድምፄ ሻክሮ።
ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝ ዞሮ፤
ወረወራት ባጥሩ ላይ፣ ለውሻ አጥንት
እንደሚወረወር። አነሣኋት። ነጭ ናት፤
እንደ ወተት አይደለም፣ እንደ ልጅ ጥርስ።

አንድ ዓመት ከጣሪያው ሥር አስተኛኋት፣
ከዋልነቴ ጎን። በየወሩ መዘንኋት፤
ሚዛኑ ሲቆም ውሃዋ አለቀ ማለት ነው፤
የርጥብ እንጨት ውሸት የሚወጣው ቶርኖ ላይ ነው።

ከዚያ ሰነጠቅሁ፤ ስስ ስስ አድርጌ፣
ጥቁር በነጭ ላይ፣ ነጭ በጥቁር ደርቤ፣
ሙጫ ቀባሁና ሞርሳ ውስጥ አስገባሁት፤
በሃያ ሁለት ዓመት ቂም አጠበቅሁት።

ቶርኖው ዞረ። መሮዬ ገና ሲጠጋ
ጧ! አለ፣ ለሁለት። ግማሹ መስኮት ወጋ፤
ግማሹ ከምድጃው ኋላ ተወሸቀ።
ቆምሁ። ጉንጬ ላይ ደም ጠብ አለ፣ ደረቀ።

ስብራቱን መብራት ሥር ሳገላብጠው
ሙጫ የለበትም፤ ደረቅ ነው፣ ባዶ ነው።
እኔ ሞርሳውን ሳጠብቅ፣ ሳጠብቅ፣ ሙጫው
በጎን በጎን አምልጦ ኖሯል የወጣው።
መምህሬ ፒርሚን ነግሮኝ ነበር ድሮ፣
«ሙጫ ትንፋሽ ይሻል፣ አትግደለው ቀብሮ።»
ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ስለ እንጨት መስሎኝ።

ሁለተኛውን ግን አሰርሁት በስሱ፤
ጠርዙ ላይ የሙጫ ዶቃዎች ሲፈስሱ
ተውሁት። ሌሊቱን አላየሁትም ሄጄ።
ጠዋት መሐሉን ቀስ ብዬ በሳሁት በእጄ፣
የነሐስ ቱቦ አጎረስሁት፣ ሰቀልሁት።
ዞረ። አራት ማዕዘኑ ጭጋግ ሆነ፣ ጥላ፤
ከጭጋጉ ውስጥ ክብ ብቅ አለ በኋላ።
የዋልነት ሽታ ይመራል፣ ያስነጥሳል፤
ሜፕል ግን ሲግል የተቃጠለ ስኳር ይመስላል።
ትልትሉ ጢሜ ላይ እየተጠመጠመ
ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ማታ ከረመ።

ብርጭቆ ወረቀት። ከዚያ ሰም። ከዚያ ጨርቅ።
ጥፍሬን ጎተትሁበት፤
ድንበሩ ይታያል፣ ጥፍሬ ግን አያውቅም።

ቀለም አስገባሁበት፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ።
በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቃል ሳልጽፍበት፣
ሉድቪክ ፖስታ ሣጥን ውስጥ በጨለማ ጣልሁት።

አንድ ሳምንት ዝም። ሁለተኛውም ዝም።
በሦስተኛው ወረቀት መጣ፤ ማኅተም የለው፣ ቴምብርም።
«ጎራዝድ» ብሎ ይጀምራል፣ ያለ አቶ፣ ያለ ሰላምታ፤
«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቶርኖህ ይጮኻል፤
እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለማዘጋጃ ቤት እጽፋለሁ» ይላል።

ቀለሙን አየሁት። ጠቆር ያለ ሰማያዊ።
ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ሆዴን ይዤ፣ ብቻዬን።
ሃያ ሁለት ዓመት በጠበቃ እጅ ነበር የሚሰድበኝ፤
የእጅ ጽሑፉን ገና አሁን ነው ያየሁት፤
ለካ «መ»ን ሲጽፍ እንደ ተማሪ ይጠነቀቃል።
ከግርጌው «ጎረቤትህ» ይላል፤
ሰርዞታል፤
ከሥሩ ደግሞ ጽፎታል።

አሁን ሦስት ሰዓት ሲሆን ቶርኖውን አጠፋለሁ፤
የማዶው መብራት እስኪጠፋ ሰጋቱራ እጠርጋለሁ።

ዛሬ ማለዳ አጥሩ ላይ ጣውላ ተደግፎ አገኘሁ፤
የቼሪ ነው፣ ቀይ። የተወረወረ አይደለም፣ የተቀመጠ ነው።
አሸተትሁት፣ በጉልበቴ ላይ መዘንሁት።
ርጥብ ነው።
ዓመት ይፈልጋል።