መጅ

የማታው ክፍል፣ ሄርማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ቃል ጻፍኩኝ በጠመኔ፣ የሰሌዳው ርጥበት ሳይደርቅ፤
«ካለስ» አልኩ። «ድገሙ።» «ካለስ» አሉ ሠላሳ አፎች፣
ቀን ያደከማቸው ጥበቃዎች፣ ደላሎች፣ ሱቅ ጠባቂዎች።
አጠገቡ ጻፍኩ፦ ጨካኝ። ስሜት አልባ። ልበ ደንዳና።
ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው፣ እጄ ያለ እኔ እየጻፈና
እየደመሰሰ።

«መምህር» አለ ከኋላ ጠሃ አባ ራያ፣ አናጢው፣
ጢሙ ላይ የመጋዝ ብናኝ፣ ገና ያላራገፈው፤
«ቃሉስ ከየት ተቆረጠ? እኛ ጣውላ ስንገዛ፣
እንጠይቃለን አገሩን፤ የጌራ ነው ወይ የሊሙ ዋንዛ?»

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፤
እኔም እስከዚያች ማታ፣ ጠይቄው አላውቅም ነበረ።
«ከላቲን ነው» አልኩኝ፤ «ቆዳ ሥራ ሲፈገፍገው፣
ጫማ እግርን ሲበላው፣ መዳፍን ዕቃ ሲልገው፣
የሚያወጣው...» ቃል ጠፋኝ።

«መጅ!» አለች እማዋይሽ፣ ከፊት፣ ልብስ አጣቢዋ፤
ሳሙና ያነጣው፣ የተሸበሸበ መዳፏ
ከድምፅዋ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ጠሃ ቆመ። እጁን ዘረጋ፣ ከአምፖሉ ሥር አመጣው፤
አራት ጉብታ፣ ቢጫ፣ ከጣቶቹ ግርጌ ያወጣው።
«እንግዲህ ይሄ ጨካኝ ነው?» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ፣
እሱ ግን አልሳቀም። ዝናቡም ወደ ጂረን ራቀ።

«ስንጥር ሲወጋኝ አልሰማም፤ እውነትህን ነው፣ እዚህ የለሁም።
በመዳፌ ዳስሼ ደግሞ፣ እንጨት ለስልሷል አልልም።
እኔ የማውቀው እንዲህ ነው» አለና እጁን ገለበጠ፣
በእጁ ጀርባ የዴስኩን ጣውላ፣ ቀስ ብሎ አደመጠ።

«ረዊናን፣ ልጄን፣ ትኩሳቷን የለካሁት በዚህ ነው፣
ሌሊቱን ሙሉ። ንጋት ላይ ግንባሯ ቀዝቀዝ ሲልብኝ ነው፣
ዳነች ያልኩት። ቆይቼ ግን፣ በዚሁ ነው ያወቅሁት።
ያን ቀን አላለቀስኩም። አንድ ሳንቃ ነበር፤ ላግሁት።
ማንም የማያየውን፣ አፈር የሚበላውን ሳንቃ፣
ላግሁት፣ እንደ ሐር እስኪሆን፣ ሰፈሩ በለቅሶ ሲነቃ።
‹የአባትየው ልብ መደንደን!› ሲሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤
ይኸው ዛሬ ደግሞ፣ በእንግሊዝኛ እማራለሁ።»

ማንም አልሳቀም አሁን። ከቆርቆሮው ጫፍ ጠብታ
ባልዲ ውስጥ ይቆጥር ነበር።

መዳፌን ሰርቄ አየሁት፣ ጠመኔ የያዘ መዳፌን፤
ለስላሳ፣ የሕፃን እጅ፣ የማያሳይ ዕድሜዬን።
እናቴ አጋሮ ስታርፍ፣ ፈተና ሳርም ነው የደወሉልኝ፤
«እሺ» ብዬ ዘጋሁት። አሥራ አንድ ወረቀት ነበር የቀረኝ።
ጨርሼ ነው የሄድኩት፤ ደምሬ፤ አንድ ነጥብ ሳላዛባ።
መናኸሪያም ስደርስ እንኳ፣ ስለ መልስ ጀመርኩ ስባባ፣
የአሥራ አምስት ብር መልስ።

መጅ። የወፍጮም ልጅ መጅ ነው፤ በእናቱ ድንጋይ ላይ ይሄዳል፣
ብዙ የፈጨ እንደሆነ፣ ፊቱ አልቆ ይለሰልሳል፤
ያኔ እህል አይሰብርም፤ ጥሬው እንደ ጥሬ ያልፋል፣
ስለዚህ ይወቀራል፤ በሌላ ድንጋይ ይቆስላል።
እኔን የወቀረኝ የለም።

«ጨካኝ» የሚለውን ደመሰስኩ፤ ቦታው ነጭ ጭጋግ ሆነ።
«እና ምን እንጻፍ መምህር?» አለች እማዋይሽ፣
የእርሳሷን ጫፍ ምላሷ ላይ አርጥባ።
ጠሃ ተቀምጦ ደብተሩን ይገልጥ ጀመር፣
ገጽ ለመግለጥ ሦስቴ ይሞክራል፣ ወረቀቱ ከጣቱ ያመልጣል።

መልስ አልነበረኝም።
እጄን ገልብጬ፣ በጀርባው፣ ሰሌዳውን ነካሁት።
ሻካራ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌበታለሁ፤
ሻካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።