የቁልፍ ርክክብ

ማኅተምና ቅጼን ይዤ ከግድቡ ቢሮ፣
ቁልፍ ልረከብ ሄድኩ፣ ቀኑ ተቆጥሮ።
አርባ አንዱ ቤት ለቅቋል፣ መንደሩ ጭር ብሏል፣
ሰኞ ግድቡ ሲዘጋ ውኃ ይሞላዋል።
የቀረችው አንዷ፣ ወይዘሮ ሺጌኖ፣
ወገቧ እንደ ማጭድ ጎበጥ፣ ዘንበል ሆኖ፣
በር ላይ ጠበቀችኝ እጅጌዋን ሰብስባ፦
«ጫማህን አውልቀህ፣ እግርህን ጠርገህ ግባ።»

ዕቃው ተጭኖ ሄዷል። ባዶ ቤት ነው።
እሷ ግን ጎንበስ ብላለች፣
የትናንቱን ሻይ ቅጠል፣ ጠጥታ የጨመቀችው፣
በታታሚው ምንጣፍ ላይ እንደ ዘር በተነችው፤
አቧራው ሳይነሣ እርጥቡ እንዲስበው፣
ሽመናውን ተከትላ እንጂ ተሻግራ አትጠርገው።

«እማማ፣ ፊርማ ነው፤ መኪናው ቆሟል» አልኩ።
«ቆይ» አለች፣ «ገና ነኝ፣ መች ጨረስኩ?
ቆሻሻ ቤት ለሰው አስረክቤ አላውቅም።»
«ለሰው መች ሆነና! ውኃ ነው የሚወርሰው፤
ሰኞ ያጥበው የለም፣ እስከ ጣሪያው ሲያርሰው?»

ሳቀች። «ውኃ?» አለች፣ «ውኃማ ምን ያውቃል?
እጅ ካልመራው በቀር ጭቃ ይዞ ይዘልቃል።»

ከዚያ ከኪሷ ውስጥ አንዲት ከረጢት አውጥታ፣
ከሟች ባሏ ሸሚዝ ሰፍታ፣
በሩዝ ፉርሽካ ሞልታ፣
«በዚህ እሸው» አለችኝ ኮሪደሩን አሳይታ።
ሰም የለ፣ ቅባት የለ፣ ከሱቅ የመጣ፣
ከፉርሽካው ሆድ ነው ወዙ የሚወጣ።
ሃምሳ ስምንት ዓመት በየማለዳው ታሽቶ፣
እንጨቱ እንደ ጥቁር ኩሬ አየኝ አብርቶ፤
ክራባቴን አየሁ፣
ከክራባቴም በላይ አንድ ያፈረ ወጣት።

(እኔ ከተማ ቤቴ ሰባት ጠርሙስ አለኝ፣
ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ሽታው የሚያስነጥሰኝ፤
አንዱ ላይ ሎሚ ተሥሏል፣
ሎሚ ግን በደጁም አላለፈ።)

«ጥጉን!» ትለኛለች፣ «ጥጉን ዘለልከው።
መሐሉንማ እንግዳም ያየዋል፤
የባለቤት ዓይን ጥግ ነው የሚፈልገው።»

የብረት ድስቷን በምድጃ አመድ ፈተገች፤
የቧንቧውን ዝገት በፍጅል ጉማጅ አሸች፤
መስኮቱን በአሮጌ ጋዜጣ ወለወለች።
ጋዜጣውን ሳየው የመሥሪያ ቤታችን ዜና ነው፣
የግድቡ ምረቃ፣ የአለቃዬ ሳቅ፣
ረጥቦ፣ ተጨማዶ፣ መስታወቱን እየዞረ።
«ቀለሙ መስታወት ያጠራል» አለች።
ሌላ ምንም አላለች።

ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል
ባልዲውን አንሥታ ወጣች፣
እጣቢውን ለካኪው ዛፍ ሥር አጠጣች።
ዛፉም ሰኞ ይሰጥማል።
እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤
ባዶውን ባልዲ ተቀብያት ዝም አልኩ።

ፈረመች። ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣
ወደ ቤቱ ዞራ እጅ ነሣች እንጂ እኔንስ ረሳችኝ።
በቅጹ ላይ «የቤቱ ሁኔታ» ከሚለው ቦታ
«ፈራሽ» ተብሎ ታትሟል፣ ለሁሉም በአንድ ፊታ።
ሰረዝኩት።
«የጸዳ» ብዬ ጻፍኩ፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ቀለም።
አለቃዬ ጠየቀኝ፤ እስካሁን መልስ የለኝም።

ሰኞ ሌሊት የብረት በሮቹ ሲወርዱ ሰማሁ፣
አልጋዬ ላይ ሆኜ ውኃውን ተከተልኩ፦
መንገዱን ሲያልፍ፣ ካኪውን ሲያልፍ፣
ደረጃው ሥር ሲደርስ፣ ከዚያም ደፉ ላይ፣
እኔ ተንበርክኬ ካሸሁት እንጨት አጠገብ።
ጭቃውን ይዞ ነው የመጣው፣ እንዳለችው፤
ግን ማን ያውቃል፣ የሚያበራውን ወለል ሲያየው
ለአፍታ ቆሞ ይሆን፣
ጫማውን ሊያወልቅ?