ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከፋርማሲው በላይ፣
ዘምዘምና እኔ ነን በወንበሩ ጠርዝ ላይ።
ኡስታዛ ሹሩቅ ናት ፊት ለፊት ያለችው፣
መነጽሯን ከግንባር ወደ ዓይን ያወረደችው።
እኔ በመካከል፣ በሰዓት ስልሳ ድርሃም፣
የሁለት ሴቶች አፍ፤ የራሴ አፍ የለኝም።

ሥራ ስጀምር ቃል ገብቻለሁ፦
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
የተባለውን ብቻ እንደተባለ ላደርስ።
የሚያለቅስ ሲያለቅስ ዝም እላለሁ።
ለቅሶ ትርጉም አያሻውም፤
ሰዓቱ ግን ይቆጠራል።

መጀመሪያ ያስቸገረን ወረቀቱ ነበር፦
ሐርቡ የታሰረ ኒካሕ፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን።
ጸሐፊው ልጅ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ነካካ።
«ወሩ ስንተኛ ነው?»
«አሥራ ሦስተኛ» ብለው፣
«እናንተ አገር ሰው የሚጋባው በሌለ ወር ነው?» አለና ሳቀ።
ዘምዘም «ምን አለ?» አለችኝ።
ነገርኳት፤ ሳልቀንስ።
«ንገሪው» አለች፣
«ኢድሪስም ትዳሩን የኖረው እንደ ጳጉሜ ነው፤
አምስት ቀን እቤት፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ የለም።»
ሴፕቴምበር ስምንት ተብሎ ተጻፈ።
ጳጉሜ እንዲህ ሆና ከመዝገብ ጠፋች።

ከዚያ ጥያቄው መጣ።
«ሥራሽ?»
«ሞግዚት ነኝ። አል ናህዳ፣ መንታ ወንዶች ልጆች።»
«ከፍርድ ቤቱ የምትፈልጊው?»
«የልጄን፣ የሒክማን ሞግዚትነት።»

እዚህ ላይ ቆምኩ።
ባማርኛ አንድ ቃል ነው፤
እንጀራዋም እሱ፣ ክሷም እሱ።
በዓረብኛ ግን ሁለት መንገድ ይሄዳል፦
አንዱ ሙረቢያ፣ ደመወዝ ያለው፤
አንዱ ሐዳና፣ ከእቅፍ የተወለደ።
ሁለቱን ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት፣
እንደ ሳንቲም።
ትርጉሙ ትክክል ነበር።
ያ አንድ ቃል ሲሰነጠቅ የወጣው ድምፅ
ከእኔ በቀር ለማን ተሰማ?

ኡስታዛ ግን ጠበቃ ናት፤ ስንጥቁን አየችው።
እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«የምታድሪው አሠሪዎችሽ ቤት ነው።
ልጅቷ ካንቺ ጋር ብትሆን የት ትተኛለች?
አባቷ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ነው። ዳኛውም።»

የዘምዘምን እጅ አየሁ።
ግራ ክንዷ ለምዶበት እንደታጠፈ ነው፣
መንቶቹ የሚያንቀላፉበት።
«ክንዴ ላይ» አለች።
ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣
«ክንዴ ግን ተከራይቷል። እሱንም ንገሪያት።»
ነገርኳት። ሳልጨምር።

የኤሲው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ኡስታዛ ለራሷ የምታወራ መስላ አንድ ነገር አጉተመተመች፤
ያን አልተረጎምኩም።
እስከ ዛሬ ተሸክሜው አለሁ።

ከዚያ ድምጿ ደረቀ፣ የሥራ ድምፅ ሆነ፦
«የኪራይ ውል በስምሽ። አንድ ክፍል ይበቃል፣ መስኮት ያለው።
የትምህርት ቤት ደብዳቤ።
ኒካሑ ላይ የውጭ ጉዳይ ማኅተም።
እኔ ዳኛ ፊት እንባ ይዤ አልቆምም፤
ወረቀት አምጪልኝ።»

ወጣን። ሙቀቱ እንደ ደላላ በር ላይ ይጠብቀን ነበር።
የመብራት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣
ግርጌው በስልክ ቁጥር ተተልትሎ፤
የሚነቀለው ተነቅሎ ሁለት ቀርቷል።
«ምን ይላል?»
«ክፍል ይከራያል። መስኮት አለው።»
«ታች፣ በቀይ የተጻፈውስ?»
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፦
«ለቤተሰብ ብቻ።»

ዘምዘም ምሰሶውን እንደ ዳኛ ቀና ብላ አየችው።
ከሁለቱ አንዱን ቦጨቀች።
«ታዲያ እኛን ማን ናቸው ብሎ ነው?» አለችና
ስልኳን አቀበለችኝ።
«አንቺ አውሪ። በሰዓት እከፍልሻለሁ።»